ለዓይን ቆብ ጠርዝ ሕመም ቲ ትሪ ኦይል፦ በስንት መጠን? እንዴት? መቼስ ጨርሶ አይነካም?

ሰናይት_ፋርማሲ

ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዬ ለዓይን ባለሙያዎችና የመዓዛ ዘይቶችን ጠባይ ለምታውቁ ነው።

የዓይን ቆባቸው ጠርዝ የሚቀላ፣ የሚያሳክካቸው፣ ጠዋት ሲነሡ ሽፋሽፍታቸው ሥር ፎረፎር የመሰለ ነገር የሚያገኙ ደንበኞች ቲ ትሪ ኦይል የሚባለውን ከተክል ቅጠል የሚወጣ የመዓዛ ዘይት ይዘው ይመጣሉ። ብልቃጡ ብዙ ጊዜ ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በዘመድ የተላከ ነው፤ 10 ወይም 30 ሚሊ ሊትር፣ ላዩ ላይ «100% ንጹሕ» የሚል። ሁሉም የሚጠይቁት «ስንት ጠብታ ልቀባ?» ብለው ነው። ከሐኪም ብሌፋራይተስ (የቆብ ጠርዝ መቆጣት) ተብለው የመጡ አሉ፣ አንድም ቀን ታይተው የማያውቁም አሉ።

ዴሞዴክስ የሚባለው በሽፋሽፍት ሥር የሚኖር ተባይ በዚህ ዘይት እንደሚሞት ይታወቃል። ለሰዎቹ በትክክል ለመመለስ እንዲህ ልጠይቅ፦ ለዓይን ቆብ የሚፈቀደው ስንት በመቶ ነው? ቤት ውስጥ በጉሎ ዘይት ወይም በሕፃናት ሻምፑ መበረዝ ይቻላል? ቲ ትሪ ያላገኘ ሰው በባሕር ዛፍ ዘይት ወይም በጥቁር አዝሙድ ዘይት ሊተካው ይችላል? ድንገት ዓይን ውስጥ ቢገባስ የመጀመሪያው እርዳታ ምንድን ነው?


ኦፕቶሜትሪስት_በ

እህት ሰናይት፣ በአጭሩ፦ ከብልቃጥ የወጣ ያልተበረዘ ቲ ትሪ ኦይል በዓይን ቆብ ላይ አንዲት ጠብታም አይደረግም። ቤት ውስጥ የተበረዘውንም አልመክርም። ለዓይን ቆብ ተብሎ በፋብሪካ የተዘጋጀ መጥረጊያ ወይም አረፋ ከተገኘ ግን፣ በሽታው በእርግጥ ዴሞዴክስ ከሆነ፣ ለተወሰኑ ሳምንታት ሊጠቅም ይችላል።

ከመጠኑ በፊት በሽታው ይለይ። ብሌፋራይተስ የአንድ በሽታ ስም አይደለም፤ የቆብ ጠርዝ መቆጣት የሚያመጡ ነገሮች ሁሉ በዚያ ስም ይጠራሉ። ፋርማሲ ላይ ዓይንን አጉልቶ በሚያሳየው የሐኪም መሣሪያ፣ በስሊት ላምፕ፣ ማየት ባይቻልም ጥሩ ብርሃንና የእጅ ማጉያ መነጽር ብዙ ነገር ያሳያል። ሰውየው ወደ ታች እንዲያይ አድርጊና የላይኛውን ሽፋሽፍት ሥር ተመልከቺ። ቀጥ ብሎ እያየ ከሆነ የቆቡ እጥፋት ይሸፍነዋል፤ ብዙዎች የሚያልፋቸው በዚህ ምክንያት ነው። የእያንዳንዱን ፀጉር ሥር እንደ እጅጌ ከቦ የተቀመጠ፣ ጠጣርና ግልጽ ነጭ ነገር ካለ ዴሞዴክስ ነው፤ ይህ ምልክት በሌላ በሽታ እንደዚህ አይታይም። ቅባት ያለው፣ ቢጫማና በፀጉሩ ርዝመት ላይ ተበትኖ የተጣበቀ ፎረፎር ከሆነ ከራስ ቅልና ከቅንድብ ፎረፎር ጋር የሚሄደው ዓይነት ነው። ደረቅና ሲነቀል የሚያደማ ቅርፊት ከሆነ ደግሞ ስታፍ የሚባለው ባክቴሪያ ይጠረጠራል። ሽፋሽፍቱ ንጹሕ ሆኖ የቆቡ ጠርዝ ላይ የቅባት ዕጢዎቹ አፍ ተደፍኖ፣ ሲጫኑት እንደ ጥርስ ሳሙና የወፈረ ነገር የሚወጣ ከሆነም ችግሩ ዕጢዎቹ ላይ ነው። ለዚህ ለመጨረሻው ቲ ትሪ ምንም አያደርግም፤ እንዲያውም ይጎዳል፤ ምክንያቱን ወደ ታች እነግርሻለሁ።

ዴሞዴክስ በራሱ በሽታ አይደለም። ዕድሜ በገፋ ቁጥር አብዛኛው ሰው ላይ ይኖራል። ቁጥሩ ሲበዛና ቆቡ ሲቆጣ ነው የምናክመው። ሁለት ዓይነት አለ፤ አንዱ 0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር የሚሆነው በሽፋሽፍቱ ሥር ይኖራል፣ ሁለተኛው አጠር ብሎ የቅባት ዕጢ ውስጥ ጠለቅ ይላል። ከእንቁላል እስከ አዋቂ ያለው ዑደት ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ስለሚወስድ ማንኛውም ሕክምና ሁለት ዑደት እንዲሸፍን ስድስት ሳምንት ያህል ይቆያል። «አንድ ሳምንት ቀባሁ፣ ተሻለኝ፣ ተወኩት» ያለ ሰው በወሩ የሚመለስበት ምክንያት ይኸው ነው።

ወደ መጠኑ ልምጣ። በ2005 በታተመ ጥናት 50% ቲ ትሪ ኦይል የሽፋሽፍት ሥር ማጠቢያ ሆኖ ተሞክሮ ተባዩን እንደሚቀንስ ታየ። ብዙዎች ያነበቡት ይህን ቁጥር ነው፤ አደጋው የሚመጣውም ከዚሁ ቁጥር ነው። ያን የ50% ክምችት ክሊኒክ ውስጥ የሚቀባው ባለሙያ ነው፤ ዓይኑ በጠብታ ደንዝዞ፣ ሽፋሽፍቱ ብቻ እየተነካ፣ ትርፉ ወዲያው እየተጠረገ። ቤት ውስጥ በመስታወት ፊት በራስ እጅ የሚደገም አይደለም። የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለው ድርጅት በ2020 ያወጣው ግምገማ ከ5 እስከ 50% ያሉትን ሙከራዎች አንድ ላይ አይቶ ማስረጃው እርግጠኛ የሚያደርግ እንዳልሆነ፣ መጠቀም ካለበትም ዓይን እንዳይቆጣ ዝቅተኛው ክምችት እንደሚሻል ነው የደመደመው።

አሁን ምክንያቱ። በዘይቱ ውስጥ ተባዩን የሚገድለው ዋናው ንጥረ ነገር ቴርፒነን-4-ኦል ይባላል። በ2020 በላቦራቶሪ በሰው የቆብ የቅባት ዕጢ ሕዋሳት ላይ ሲሞከር፣ ተባዩን ለመግደል የሚያስፈልገው መጠን ብዙ እጥፍ ቀጥኖም ሕዋሳቱን ጎድቷል። ሳህን ውስጥ ያለ ሕዋስ እንደ ሰው ቆብ አይደለም፣ እውነት ነው፤ ቢሆንም እንባ እንዳይተን የሚያደርገውን ቅባት የሚያመርቱት እነዚህ ዕጢዎች ናቸው። እነሱ ከተጎዱ የዓይን ድርቀት ይመጣል፣ ድርቀቱ ያቃጥላል፣ ሰውየውም «አልዳነም» ብሎ ዘይቱን ይጨምራል። በየወሩ ያለማቋረጥ «ለመከላከል» መቀባትን የምቃወመው በዚህ ነው።

ለዓይን ቆብ ተብለው የተሠሩት ምርቶች ብዙዎቹ ቴርፒነን-4-ኦልን ለብቻ ለይተው የያዙ ወይም ዘይቱን በጣም አቅጥነው ከውሃ ጋር በሚያዋህድ ነገር የሰሩ ናቸው። ክሊራዴክስ የሚባለው መጥረጊያ ከመጀመሪያዎቹ ነው። አጠቃቀሙ እንዲህ ነው። ኮንታክት ሌንስ ይወጣል፣ ኩልና ማስካራ ይታጠባል። እጅ በሳሙና ይታጠብና ዓይን ጥብቅ ብሎ ይጨፈናል። ሽፋሽፍቱ ሥር ላይ ወደ ጎን፣ ከአፍንጫ ወደ ጆሮ፣ ቀስ እየተባለ ይጠረጋል፤ ለእያንዳንዱ ዓይን የመጥረጊያው የተለየ ገጽ። የቆቡን የውስጥ ጠርዝ፣ ያን እርጥብ መስመር፣ መንካት የለም። ከዚያ እስኪደርቅ ዓይን እንደተጨፈነ ይቆያል፤ ቶሎ የሚገልጡት ናቸው በጣም የሚያቃጥላቸው፣ ምክንያቱም እርጥቡ ከጠርዙ ወደ እንባ ይገባል። አንዳንዱ ምርት በውሃ የሚታጠብ ነው፣ አንዳንዱ ተቀብቶ የሚቀር፤ እዚህ ላይ ወረቀቱን ማንበብ ግድ ነው። ለአንድ ሁለት ደቂቃ መንገብገብ የሚጠበቅ ነው። ከዚያ ካለፈ፣ ወይም በማግስቱ ቆቡ ካበጠና ከተላላጠ፣ ይቆማል።


መዓዛ_ላብ

ኦፕቶሜትሪስቱ የቤት ውስጥ ብረዛን የማይመክሩት ለምን እንደሆነ ከዘይቱ በኩል ልጨምር፤ ሰዎች «ዋናው ማቅጠን ነው» ብለው ስለሚያምኑ።

መጀመሪያ የጠብታ ሒሳብ። 10 ሚሊ ሊትር የጉሎ ዘይት ውስጥ 5% ለማድረግ ግማሽ ሚሊ ሊትር ቲ ትሪ ያስፈልጋል። «20 ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ነው፣ ስለዚህ 10 ጠብታ» ይባላል። ነገር ግን የመዓዛ ዘይት ጠብታ እንደ ብልቃጡ አፍ ቀዳዳ፣ እንደ ዘይቱ ሙቀትና እንደ አያያዙ ከ0.02 እስከ 0.05 ሚሊ ሊትር ይለያያል። በዚያው 10 ጠብታ አንዱ 2%፣ ሌላው 5% ያገኛል። ለክንድ ማሻሸት ይህ ልዩነት ግድ የለውም፤ ቆዳው ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ለሆነው ለዓይን ቆብ ግን ግድ አለው።

ሁለተኛው የባሰ ስህተት ከውሃ ጋር መቀላቀል ነው። የመዓዛ ዘይት በውሃ አይሟሟም። ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ሁለት ጠብታ ጥለው፣ ጥጥ ነክረው ዓይናቸውን የሚጠርጉ ሰዎች የሚነኩት የተበረዘ ነገር አይደለም። ዘይቱ ከውሃ ስለሚቀል ከላይ ይንሳፈፋል፤ ጥጡ መጀመሪያ የሚያነሣው ያን ተንሳፋፊውን፣ ማለትም 100% የሆነውን ነው። በሕፃናት ሻምፑም ቢሆን ካልተወዛወዘና ወዲያው ካልተጠቀሙበት ተመልሶ ይለያያል፤ ከጠርሙሱ የመጀመሪያው ግፊትና የመጨረሻው ግፊት እኩል አይሆንም።

ሦስተኛው እርጅና ነው። ቲ ትሪ አየር፣ ብርሃንና ሙቀት ሲያገኘው ይለወጣል፤ ፐርኦክሳይድና አስካሪዶል የሚባሉ ነገሮች ይፈጠራሉ። አለርጂ የሚቀሰቅሱት በአብዛኛው እነዚህ ናቸው፣ ትኩሱ ዘይት አይደለም። ግማሹ ያለቀ ብልቃጥ ግማሹ አየር ነው። መስኮት ላይ የተቀመጠ፣ ክዳኑ የላላ፣ በሻንጣ በረሃ አቋርጦ የመጣ ብልቃጥ ቀኑ ባያልፍም አርጅቷል። ሲያረጅ ሽታው ወደ ተርፔንታይን ያደላል፤ ነገር ግን ሽታው ደህና ነው ማለት ዘይቱ ደህና ነው ማለት አይደለም። ከተከፈተ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ለቆዳ አገልግሎት ቢወገድ ይሻላል። ጥቁር ወይም ቡናማ ብርጭቆ፣ ጥብቅ ክዳን፣ ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ። ላስቲክ ያለው ማንጠብጠቢያ ላይ ተገጥሞ መቀመጥም የለበትም፤ ዘይቱ ላስቲኩን ያላላዋል፣ የሟሟው ላስቲክም ዘይቱ ውስጥ ይገባል።

መለያ ወረቀቱን በተመለከተ፦ «100% ንጹሕ» የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ምንም አይናገርም። መላሌዩካ አልተርኒፎሊያ የሚለው የተክሉ ስም ይኑር። አይኤስኦ 4730 የሚባለው መስፈርት ቴርፒነን-4-ኦል ከ35 እስከ 48% እንዲሆን ይጠይቃል፤ ታማኝ አምራች የምርመራ ወረቀቱን ያሳያል። ከዚያው የተክል ወገን የሆኑት ካጁፑትና ኒያውሊ በስም ይቀራረባሉ፣ በውስጣቸው ያለው ግን ሌላ ነው።

ይህ የባሕር ዛፉን ጥያቄ ይመልሳል። የነጭ ባሕር ዛፍ ዘይት ዋናው ነገሩ ሲኒዮል ነው፤ ለመድኃኒትነት የሚፈቀደው ከ70% በላይ ሲኒዮል ያለው ነው። ቴርፒነን-4-ኦል የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የቲ ትሪ ምትክ አይሆንም፤ ዓይንን ማቃጠሉ ግን አይቀርም። ቪክስና የመሳሰሉት፣ ካምፎርና ሜንቶል ያለባቸው ቅባቶች፣ ለጉንፋን ተብሎ ከዓይን ሥር የሚቀቡትም እንዲሁ ናቸው። ተናቸው ብቻ ዓይን ያስለቅሳል፤ ጣት ላይ የቀረው ደግሞ ሌሊት ዓይን ሲታሽ ይገባል።

ጥቁር አዝሙድና ጉሎ የሚተኑ የመዓዛ ዘይቶች አይደሉም፤ የተጨመቁ ዘይቶች ናቸው፣ እንደነሱ አይፈጁም። ችግራቸው ሌላ ነው። ገበያ ላይ ያለው የጥቁር አዝሙድ ዘይት ከጀርም የጸዳ አይደለም፣ አንዳንዱ ዝቃጭ አለው፣ የቆዳ አለርጂም ያመጣል። ዓይን ውስጥ አይንጠባጠብም።


የዓይን_ነርስ_ጎንደር

መዓዛ_ላብ ስለ ብልቃጥ ካነሣ አይቀር፣ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝን ልናገር። የተበረዘውን ዘይት ባዶ የዓይን ጠብታ ጠርሙስ ውስጥ የሚገለብጡ ሰዎች አሉ፤ ለመንጠብጠብ ስለሚመች። ያ ጠርሙስ መሳቢያ ውስጥ ከእውነተኛው ጠብታ አጠገብ ይቀመጣል። አያት ናቸው፣ ግላኮማ ያለባቸው፣ ማታ በደብዛዛ መብራት ቅርጹን ብቻ አይተው አንሥተው ዓይናቸው ውስጥ የሚያደርጉት። ሰናይት፣ ደንበኞችሽን ሌላ ምንም ባትነግሪያቸው ይህን ንገሪልኝ፦ ዘይት በዓይን ጠብታ ጠርሙስ አይቀመጥም። ልጆች ከሚደርሱበትም ይራቅ፤ ቲ ትሪ ቢጠጣ ልጅን ያንገዳግዳል፣ ያደነዝዛል፤ የባሕር ዛፍ ዘይት ደግሞ በጥቂቱም መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። ከጠጣ አታስመልሱት፤ ወደ ሳንባ እንዳይገባ። ቀጥታ ወደ ጤና ተቋም።

ዓይን ውስጥ ከገባ። አትሹት። ኮንታክት ሌንስ ካለ ወዲያው ይውጣ፤ ዘይቱን ይዞ ኮርኒያ (ከዓይን ፊት ያለው ግልጽ ሽፋን) ላይ ያቆየዋል። ከቧንቧ በቀስታ የሚወርድ ለብ ያለ ንጹሕ ውሃ፣ ካለም ኖርማል ሳላይን (ለሕክምና የተዘጋጀ የጨው ውሃ)፤ ጭንቅላት ወደ ተጎዳው ዓይን ጎን ዘንበል ይበልና ውሃው ከአፍንጫ በኩል ወደ ውጭ ይፍሰስ፤ ወደ ደህናው ዓይን እንዳይሻገር። ቆቡን በሁለት ጣት ከፍቶ መያዝ ያስፈልጋል፤ ሰው በሥቃይ ላይ ሆኖ ዓይኑን ራሱ አይከፍትም። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ በሰዓት ታይቶ። ሁለት ደቂቃ አጥቦ «ተሻለኝ» ማለት አይበቃም፤ ዘይቱ ከውሃ ይልቅ ከሕዋሳቱ ቅባት ጋር ስለሚስማማ ቶሎ አይለቅም። የላይኛውን ቆብ ገልበጥ አድርጎ ሥሩን ማጠብ የሚችል ሰው ካለ ይጠብ። «ዘይትን ዘይት ያወጣዋል» ተብሎ ወይራ ዘይት ወይም ወተት ዓይን ውስጥ አይጨመር። በቆቡ ውጭ፣ በጉንጭ ላይ ያለውን ግን ዓይን ተጨፍኖ በምግብ ዘይት በራሰ ጨርቅ ከዓይን ርቆ ወደ ጎን መጥረግ ይቻላል።

ከታጠበ በኋላ ሕመሙ ከቀጠለ፣ ብርሃን ማየት ካስቸገረ፣ እይታ ከደበዘዘ ወይም አሸዋ የገባበት ያህል ከቆረቆረ በዚያው ቀን የዓይን ክፍል ይታይ። ኮርኒያው ተልጦ እንደሆነ በፍሎረሲን ቀለም ነው የሚታወቀው። ቴትራካይን፣ ማለት ማደንዘዣው ጠብታ፣ ለቤት አይሰጥም፤ ሕመሙን ያጠፋል፣ ቁስሉን ግን እንዳይድን ያደርገዋል። ዴክሳሜታዞን የሚባለው ስቴሮይድ ያለበት ጠብታም ሳይታይ አይሸጥ፤ ቅላቱን ወዲያው ስለሚያጠፋ ሰው ይወደዋል፣ ሥር የተደበቀ ሄርፒስ የሚባል ቫይረስ ካለ ግን ዓይኑን ያጠፋዋል፤ ሲደጋገም ግላኮማና የዓይን ሞራ ያመጣል።

አሁን ቲ ትሪ ጨርሶ የማይታሰብባቸውን ልንገራችሁ። በእኛ አገር በመጀመሪያ የሚታየው የሽፋሽፍት መቀልበስ ነው። ትራኮማ የቆየበት ሰው የላይኛው ቆብ ውስጡ ጠባሳ ይይዝና ጠርዙ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ ሽፋሽፍቱም ኮርኒያውን ይፍቃል። ሰውየው የሚናገረው ምልክት ከብሌፋራይተስ ጋር አንድ ነው፦ ይቆረቁረኛል፣ ያስለቅሰኛል፣ ይቀላል። ስለዚህ ብልቃጡን ከመመልከት በፊት አንድ ነገር እዩ፤ ሰውየው ቀጥ ብሎ ሲያይ የትኛውም ፀጉር የዓይኑን ኳስ ይነካል? በወረንጦ የተነቀለ ጉቶስ አለ? አጭር ጉቶ ደግሞ ከረጅሙ ፀጉር ይልቅ ይወጋል። አንድ ፀጉርም ቢሆን ከነካ፣ ይህ ሰው ዘይትም መጥረጊያም አያድነውም፤ የቆብ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል። በትራኮማ አካባቢዎች ይህ ሕክምና በጤና ተቋማትና በዘመቻ በነጻ ይሰጣል። እንዲህ ያለ ሰው ዘይት እየቀባ በቆየ ቁጥር ኮርኒያው ይጠባሰሳል፣ የጠፋው ብርሃንም አይመለስም።

ሌሎቹን በቶሎ፦ በአንድ ወገን ብቻ ግንባርና ቆብ ላይ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ፤ ትኩሳት ያለው፣ ዓይን ሲንቀሳቀስ የሚያም ወይም አንዱን ሁለት የሚያሳይ የቆብ እብጠት፤ ባንድ ቦታ እየተመላለሰ የሚወጣ ወይም ሽፋሽፍት ያረገፈ እብጠት፣ በተለይ በዕድሜ በገፋ ሰው። ይህ የመጨረሻው ካንሰር ሊሆን ስለሚችል ናሙና ይወሰዳል። ሽፋሽፍት ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር ወይም የተጣበቀ ቅንጣት ካያችሁም ዴሞዴክስ በዓይን አይታይምና ቅማል ነው፤ ለዓይን የተዘጋጀ የቫዝሊን ቅባት በቀን ሁለቴ ለ10 ቀን ያፍነዋል፣ ቅንጣቱ አንድ በአንድ ይለቀማል። ለልጆችም ቲ ትሪ በቆብ ላይ አይደረግ።


ሰናይት_ፋርማሲ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጠርሙሱን ነገር ዛሬውኑ መናገር እጀምራለሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። አብዛኛው ደንበኛ የተዘጋጀውን መጥረጊያ አያገኝም፤ አዲስ አበባም ሁልጊዜ የለም። «ዘይቱን አትቀቡ» ካልኩ በኋላ በምትኩ ምን ልስጥ? ከዚህ ቀደም ለወራት ሲቀቡ የቆዩትስ እንዴት ያቁሙ?


ኦፕቶሜትሪስት_በ

በምትኩ የምትሰጪው ሙቀትና እጥበት ነው። ይህን የምለው መድኃኒት ስላጣን አይደለም፤ መጥረጊያው የሚሠራበት ግማሹ ምክንያትም ይኸው ነው።

ለሙቀቱ ከ40 እስከ 42 ዲግሪ ሴልሺየስ ያስፈልጋል። ቴርሞሜትር ለሌለው ሰው፦ አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ አንድ ስኒ የፈላ ውሃ በሁለት ስኒ የቧንቧ ውሃ ሲበረዝ 42 አካባቢ ይመጣል። ቆላ ያለ ሰው ውሃው በበለጠ ሙቀት ስለሚፈላና የቧንቧውም ውሃ ስለሚሞቅ ቀዝቃዛውን ይጨምር። በእጅ አንጓ ውስጠኛ ክፍል ተሞክሮ ሞቅ የሚል፣ የማይፈጅ ይሁን። ፎጣ ተነክሮ ተጨምቆ በተጨፈነ ዓይን ላይ ይደረጋል። እዚህ ላይ ሁሉም የሚያበላሸው አንድ ቦታ አለ፤ እርጥብ ፎጣ በሁለት ደቂቃ ይቀዘቅዛል። አንዴ ነክሮ አሥር ደቂቃ ማቆየት ስምንቱን ደቂቃ በቀዝቃዛ ጨርቅ ማባከን ነው። ሁለት ትንንሽ ፎጣ፣ የሞቀውን ውሃ ፔርሙዝ ውስጥ፣ በየሁለት ደቂቃው መቀያየር፣ በድምሩ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ።

ወዲያው ሳይቀዘቅዝ ማሸት ይከተላል፤ የላይኛውን ቆብ ወደ ታች፣ የታችኛውን ወደ ላይ፣ ወደ ሽፋሽፍቱ አቅጣጫ፣ በጣት ሆድ። የዓይኑን ኳስ መጫን አይደለም።

ከዚያ እጥበት። ፈልቶ በቀዘቀዘ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ጥቂት ጠብታ ሽታ የሌለው የሕፃናት ሻምፑ፣ ወይም አንድ እጅ ሻምፑ ለአሥር እጅ ውሃ። ከሻምፑ ይልቅ ለቆብ ተብሎ የተሠራ ማጠቢያ ይሻላል፣ ሻምፑ ድርቀት ያለበትን ሰው ያስቸግራልና፤ ሌላ በሌለበት ግን ይሠራል። የጥጥ ዘንግ ወይም ጎዝ ነክሮ ሽፋሽፍቱን ከሥሩ ወደ ጫፉ፣ ያ እጅጌ መሳይ ነገር እስኪላቀቅ፤ ከዚያ በንጹሕ ውሃ መለቅለቅ። ጠዋትና ማታ፣ ስድስት ሳምንት። ከዚያ በኋላ በቀን አንዴ። ሃይፖክሎረስ አሲድ 0.01% የሚባል የቆብ ርጭት ካገኙ ባክቴሪያውን ይቀንሳል፣ አያቃጥልም፤ ዴሞዴክስን ግን ብዙም አይገድልም።

በእነዚህ ሳምንታት ኩል ይቁም። የተከፈተ ማስካራ ይጣል፤ ያው ብሩሽ ተባዩንና ባክቴሪያውን መልሶ ይዘራል።

ጉሎ ዘይትን በተመለከተ፣ በኒውዚላንድ በተደረገ ትንሽ ሙከራ በቀዝቃዛ የተጨመቀ የጉሎ ዘይት በቆቡ ላይ በቀን ሁለቴ ለአራት ሳምንት ተቀብቶ ምልክቶችን ቀንሷል። ትንሽ ሙከራ ነው፣ ግን ተስፋ አለው። መቀባት የፈለገ ሰው ምንም ያልተቀላቀለበት ይሁን፤ የሩዝ ፍሬ የምታህል በተጨፈነ ቆብ ላይ፣ ማታ፣ እይታ ስለሚያደበዝዝ። ቤት የተጠበሰውና ጥቁሩ አይሁን።


ፋርማሲስት_ሜሪላንድ

ለእናንተ አገር ገና ሩቅ ቢሆንም፣ አሜሪካ ያሉ አንባቢዎች ይህን ይወቁ፦ ለዴሞዴክስ ብሌፋራይተስ በሐምሌ 2023 በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሎቲላነር 0.25% የተባለ ጠብታ አጽድቋል፤ የንግድ ስሙ ኤክስዴምቪ ነው። አንድ ጠብታ በእያንዳንዱ ዓይን፣ በቀን ሁለቴ በ12 ሰዓት ልዩነት፣ ለስድስት ሳምንት፣ በሐኪም ትእዛዝ። ኮንታክት ሌንስ ከመጠቀሙ በፊት ወጥቶ ከ15 ደቂቃ በኋላ ይመለሳል። ይህ ባለበት ዘይት ለዘመድ የሚልኩበት ምክንያት የለም፤ ለመላክ የሚያስቡ ሰዎች የተዘጋጀውን መጥረጊያ ይላኩ። ኢትዮጵያ ውስጥ ለኦንኮሰርኪያሲስ (በጥቁር ዝንብ ለሚተላለፈው፣ ዓይንን ለሚያሳውረው የትል በሽታ) በዘመቻ የሚታደለው አይቨርሜክቲን ለዴሞዴክስም በአፍ ይሰጣል፣ በኪሎ 200 ማይክሮግራም ሂሳብ፤ ግን ይህ ከተፈቀደለት አገልግሎት ውጭ ስለሆነ ከዘመቻ የተረፈን ክኒን ቤት ውስጥ መዋጥ የለም፣ ሐኪም ይወስን።

ለወራት ሲቀቡ የቆዩትን በተመለከተ፦ ቀስ በቀስ መቀነስ አያስፈልግም፣ በአንድ ቀን ይቆማል። ቆቡ ቀልቶ፣ ተጨማድዶ፣ የሚላላጥ ከሆነና ማሳከኩ ከቆቡ አልፎ ጉንጭ ላይ ከወጣ የዘይቱ አለርጂ ነው ብላችሁ ጀምሩ። እነዚህ ሰዎች ብዙ ጊዜ ዴሞዴክሱ የባሰባቸው መስሏቸው ይጨምራሉ። ከዘይቱ ጋር ሽታ ያለው ሳሙና፣ ክሬምና ሻምፑም ለሦስት ሳምንት ይቁም፤ በንጹሕ ውሃ ብቻ ይታጠብ፣ ማታ ስስ ቫዝሊን፣ ቀን መጠበቂያ ኬሚካል የሌለበት አርቴፊሻል እንባ። ሃይድሮኮርቲዞን 1% በሐኪም ከታዘዘ ለጥቂት ቀን ብቻ ነው።

«ከቲ ትሪ ጋር እስማማ እንደሆነ ልፈትሽ» የሚል ሰው በዓይኑ ቆብ አይሞክር። ሊጠቀምበት ያሰበውን ያንኑ መጥረጊያ የክንዱ እጥፋት ውስጥ፣ በሁለት ሳንቲም ስፋት፣ በቀን ሁለቴ ለሰባት ቀን ይቀባ። አንድ ቀን አይበቃም፤ ይህ ዓይነት አለርጂ ከ48 እስከ 96 ሰዓት ዘግይቶ ነው የሚወጣው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚነካው ሰው ደግሞ ከዚያም ይዘገያል። በሰባቱ ቀን ውስጥ ቅላት፣ ማሳከክ ወይም ሽፍታ ከታየ ያ ሰው ቲ ትሪ ያለበትን ሁሉ፣ የጥርስ ሳሙናና የብጉር ቅባት ሳይቀር፣ መተው አለበት፤ አንዴ የተቀሰቀሰ የቆዳ አለርጂ ዕድሜ ልክ ይቆያልና።